ከአዘቦት ወደ ክት

ገበያ በቆመ ቀን እንደ ይፋግ ባለ የሊቦ ከምከም ከተማ ልብስ የሚሸጠው በሁለት ወገን ነው። በአንዱ ወገን መሬት ላይ ሸራ ይነጠፍና ቦንዳ ይፈታል፤ ጂንሱ፣ ጃኬቱ፣ የአርሰናልና የማንቸስተር ማሊያው ተቆልሎ ሻጩ ዋጋውን እየጮኸ ይጠራል። በሌላው ወገን ሴቶች ልቃቂት በእንቅብ ይዘው፣ ሸማኔዎች ደግሞ ያመጡትን ጋቢ አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ገዢ ይጠብቃሉ። እዚህ የሚጮኽ የለም። ጋቢ የሚፈልግ ሰው ጠጋ ይልና ጫፉን በሁለት ጣቱ አሸት አሸት ያደርጋል፤ ከዚያ ወደ ብርሃን አንሥቶ ሳሳ ያለ ቦታ እንዳለው ያያል። ዋጋ የሚጠይቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ወጣቱ የሚከበው የፊተኛውን ነው። ድሮ ግን ወጣቱም ሽማግሌውም፣ ባለጠጋውም ድኻውም የሚከበው ሸማውን ነበር።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለፉ የአውሮፓ ተጓዦች ይፋግን ከበጌምድር ታላላቅ ገበያዎች አንዷ አድርገው ጽፈዋታል። ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከደብረ ታቦር የሚመጣ ነጋዴ ይገናኝባት ነበር። ከአፋር የጨው ምድር ተቆርጦ በትግራይ በኩል የሚመጣው አሞሌም የሚራገፍባት ናት። በአሞሌና በማሪያ ትሬዛ ብር ከሚለወጠው ዕቃ ውስጥ ጥጥና ሸማ ትልቅ ቦታ ነበራቸው። ዛሬ ይፋግን ከአዲስ ዘመን ወደ ወረታ ሲወርዱ በመኪና መስኮት አይቷት የሚያልፍ መንገደኛ ይህን ሁሉ አይገምትም፤ ነገር ግን የአገሬው ሰው ምን ይለብስ እንደነበረ፣ ልብሱም እንዴት እየተለወጠ እንደመጣ ለማየት ከገበያ የተሻለ መስኮት የለም።

ጥጡ ከቆላ ነበር የሚመጣው፤ ከቋራ፣ ከአርማጭሆና ከመሳሰሉት። ደጋ ላይ ሲደርስ የሴቶች እጅ ይቀበለዋል። መጀመሪያ ፍሬው በመዳመጫ ይለያል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፍና እንደ ደመና የሳሳ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ይወጣዋል። እንዝርቷን በጭኗ ላይ አሽከርክራ የምትለቅ ሴት፣ ቀኝ እጇ ሲያሾር ግራ እጇ አመልማሎውን እየሳበ ሽቅብ ይሄዳል፤ ክሩ ጸጉር አክሎ እስኪቀጥን እጇን አታሳርፍም። ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ማግ ለመፍተል ወራት ይፈጃል፤ ምክንያቱም የሚፈተለው ወጥ ተሠርቶ፣ ውኃ ተቀድቶ፣ ልጅ ተኝቶ በሚተርፈው ጊዜ ነው። ያ ሁሉ ድካም ጋቢው ሲሸጥ በዋጋው ውስጥ ተቆጥሮ አያውቅም።

ፈትሉ ሲደርስ ወደ ሸማኔ ይሄዳል። በጎንደር ዙሪያ ሸማ የሚሠሩት በብዛት ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች ነበሩ፤ መሬት የማግኘት መብታቸው የጠበበ ስለነበር በእጅ ሙያ አድረዋል። ሰው ሁሉ የሠሩትን ለብሶ፣ እነርሱን ግን ይንቅ ነበር። «ቁጢት በጣሽ» የሚለው ስድብ ለሸማኔ የወጣ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ነጋዴውንና ገበሬውን በሥራው መስደብ ከልክለዋል። አዋጁ መውጣቱ ራሱ ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበረ ያሳያል። ከቤተ እስራኤል ሸማኔዎች ብዙዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ የእጅ ሙያም አብሮ ከአገሩ ወጣ።

ሸማ ነጭ ስለሆነ ብቻ ፋሽን የማያውቀው የሚመስለው ብዙ ነው። ጥለቱን ልብ ብሎ ያየ ግን እንደዚያ አይልም። አገር ውስጥ ቀለሙ የማይለቅ ደማቅ ቀይ ክር እንደልብ አይገኝም ነበርና ሸማኔው ከምጽዋ በነጋዴ የመጣ ቀይ ጨርቅ ይገዛል፤ ይገዛና ቁጭ ብሎ ይተረትረዋል። የተተረተረው ክር ተመልሶ የሸማ ጥለት ይሆናል። አንዱ አገር ለፍቶ የሸመነውን ሌላው አገር ለፍቶ ፈትቶ እንደገና ይሸምነዋል። የጥለቱ ስፋትና ጥበት፣ አንድ መሥመር መሆኑና ሁለት መሥመር መሆኑ የጊዜውን ወግ የሚናገር ነበር። ሰፊው ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ በጎንደር ዘመን የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ምልክት ነበር፤ ቀስ በቀስ ወደ ታች ወርዶ ዛሬ ማንም ሰው ለበዓል ይለብሰዋል።

አለባበሱም ቋንቋ ነበር። በትልቅ ሰው ፊት የሚቆም ሰው ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ያደገድጋል። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ መስቀለኛ ያጣፋል። ሐዘን የገባው ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ ያዘቀዝቃል። ሴት ነጠላዋን እንዴት እንደጣለች ከሩቅ አይቶ ከለቅሶ ትመለስ ከማኅበር መለየት ይቻል ነበር። አፄ ቴዎድሮስን ያዩ የውጭ እንግዶች ንጉሡ ከወታደር የማይለይ ሸማ መልበሳቸው ገርሟቸዋል፤ በዚያ ዘመን አንድ ሰው ራሱን ዝቅ ማድረጉን በሸማ መናገር ይችል ነበርና።

የልብስ ዕድሜ በአማርኛ የሚቆጠረው በዓመት አይደለም፣ በማዕረግ ነው። አዲስ ልብስ መጀመሪያ የክት ነው፤ በሣጥን ተጣጥፎ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ፣ ለሠርግ ይወጣል። ነጣነቱ ሲደበዝዝ የአዘቦት ይሆናል። አዘቦቱ ሲያልቅ ለእርሻና ለከብት ጥበቃ ይተርፋል፤ ከዚያ ይጣፋል፣ ሌላ ጨርቅ ይደረብበታል፣ ድሪቶ ይባላል። በመጨረሻ ጭብጥ የሚያህለው እራፊ በጎመን ዘር ምጣድ ማሰሻ ሆኖ እየጠቆረ ያልቃል። በጣና ዳር ስንት ኩታ፣ ስንት ቀሚስ በዚህ መንገድ ሄዷል! የጥንት ሰው የለበሰው የአዘቦት ልብስ ለሙዚየም ያልተረፈው ለዚህ ነው። የነገሥታት ካባና ላንቃ በየገዳሙ ዕቃ ቤት ተቀምጧል፤ ያራሽ ሸማ ግን እስከ መጨረሻዋ ክር ሥራ ላይ ዋለ።

ከውጭ የመጣው የመጀመሪያው ትልቅ ተፎካካሪ አቡጀዲ ነው። የአሜሪካ ፋብሪካዎች የሠሩት ይህ ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ በዛንዚባር በኩል መላውን የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ አዳርሶ «መሪካኒ» የሚል ስም አግኝቶ ነበር፤ በቀይ ባሕር በኩል ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ንግዱ በቀላሉ የሚታይ አልነበረም። በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም፣ አገሩ ልትጠብቀው ከፈለገችው ገበያ ዋነኛው የዚሁ ጨርቅ ነበር። ቆይቶ ጃፓን በርካሽ ዋጋ መጥታ ቦታውን ወሰደች። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ቶኪዮ ድረስ በሄዱበት ጊዜ የኢትዮጵያ ገበሬ የጃፓንን ጥጥ መልበስ ለምዶ ነበር።

አቡጀዲ ሲመጣ ልብስ መሸመን ብቻ ሳይሆን መስፋትም ሆነ። በየከተማው በረንዳ ላይ የሲንጀር ስፌት መኪና ያቆመ ልብስ ሰፊ ብቅ አለ። ሸማ ለማንኛውም ገላ አንድ ነው፤ አባት የለበሰውን ልጅ ይለብሰዋል። የሚሰፋ ልብስ ግን ይለካል፤ የተለካ ልብስ ደግሞ ይጠባል፣ ያጥራል፣ ያረጃል፣ ጊዜው ያልፍበታል። ፋሽን ለሚባለው ነገር በር የከፈተው መቀስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከጉልበት በላይ ሰፍቶ ባት ላይ የሚጠብቀው ተፈሪ ሱሪ የሹማምንት ልብስ ሆኖ ጀመረ፤ የምክትል ወረዳ ገዢ፣ የጭቃ ሹም፣ የደህና ገበሬ ልብስ ሆነ። በመጨረሻ በከተማ ልጆች ዘንድ የባላገር ምልክት ሆኖ ተሳቀበት። አንድ ሱሪ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ይህን ሁሉ ማዕረግ ወጥቶ ወረደ።

ማን ምን ይዞ እንደመጣ ቃላቱ ይመሰክራሉ። ቀሚስ፣ ፎጣና በርኖስ ከዐረብኛ ናቸው። ካልሲ፣ ካናቴራ፣ ካፖርትና ቦርሳ ከጣሊያንኛ። ጃኬት፣ ጂንስና ቲሸርት ከእንግሊዝኛ። ጋቢ፣ ኩታ፣ ነጠላ፣ ቡልኮና መቀነት ግን የሸማኔውና የፈታይዋ ናቸው። ከቃላቱ ጋር ሊጠፉ የተቃረቡም አሉ፦ ከሣር ተጎንጉኖ እረኛውን ከዝናብ የሚያስጠልለውን ገሳ ላስቲክ ተክቶታል፤ የቆሎ ተማሪው ደበሎም በብዙ ቦታ በጋቢና በብርድ ልብስ ተለውጧል።

በ1953 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ከተማይቱ ያን ጊዜ ገና ትንሽ ነበረች። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የፖሊ ቴክኒክ ተቋም ተከፈተ፤ ከትምህርቶቹ አንዱም የጨርቃ ጨርቅ ሙያ ነበር። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ መጣ። ፏፏቴው ብርሃን ሰጠ፣ ብርሃኑ ማሽን አዞረ፣ ማሽኑ ክር ፈተለ። የፈረቃ ደወል ሰምተው ጎሕ ሳይቀድ ወደ ፋብሪካ የሚገሰግሱት ሴቶች፣ እናቶቻቸው በእንዝርት ወር የፈጀባቸውን ክር ባለ ብዙ እንዝርት ማሽን ላይ በቀናት የሚያወጡ ሆኑ።

ፋብሪካው ሸማኔውን ያጠፋዋል የሚል ሥጋት ሊኖር ይችል ነበር። የሆነው ሌላ ነው። ሸማኔው ለድሩ የፋብሪካ ክር ገዛ፤ ለማጉ የእጅ ፈትል አስቀረ። የፋብሪካ ድር ጠንካራ ነው፣ ቶሎ አይበጠስም፤ የእጅ ማግ ደግሞ ለገላ ይለሰልሳል፣ ይሞቃል። ከዚያ ወዲህ «የጥንት የአባቶቻችን ልብስ» የሚባለው ጋቢ ብዙውን ጊዜ ግማሹ የፋብሪካ፣ ግማሹ የእናቶች ነው። ይህ የሚያሳፍር አይደለም። ቀይ ጨርቅ ተርትሮ ጥለት ያወጣው ሸማኔ ልጅ የሚጠበቅበትን ነው ያደረገው።

ከተማው ግን በሌላ ፍጥነት ይሄድ ነበር። ሚኒ የሚባለው አጭር ቀሚስ አዲስ አበባ ሲደርስ ልብስ የፖለቲካ ጉዳይ ሆነ። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጅቶ ሳለ ተማሪዎች ተሰባስበው ተቃወሙ፤ ለማየት የመጡትን አዋከቡ፣ ፖሊስ ገባ፣ መሪዎች ታሰሩ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። የተቃውሞው መንፈስ የባዕድ ባህል ወረራን መቃወም ነበር። ይሁንና ከተቃወሙት ወንዶች አብዛኞቹ ያን ቀን ሱሪና ኮት ነበር የለበሱት፤ የእነርሱን ሱሪ ባዕድ ያለው ሰው አልነበረም። ባህልን የመጠበቅ ሸክም በሴት ልጅ ቀሚስ ላይ የሚጫነው ያን ጊዜም ነበር፣ ዛሬም አልቀረም፤ ይህ ትክክል አይደለም።

በ1960ዎቹ ሱሪው ከታች እየሰፋ ሄደ። ቤል ቦተም የለበሰ፣ ጸጉሩን አፍሮ ያበጠረ ወጣት በጎንደርና በባሕር ዳር ጎዳናዎችም ታየ። ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ አምሃ ሬከርድስ ባወጣቸው ሸክላዎች ሽፋን ላይ ያሉት ድምፃውያን አለባበስ ለክፍለ ሀገሩ ወጣት መማሪያ ነበር። አቅም ለሌለው ደግሞ ፎቶ ቤት ነበረለት። ፎቶ አንሺው በምስማር ላይ ኮትና ክራቫት ይሰቅላል፤ ፎቶ የሚነሣው ሰው ኮቱን በሸሚዙ ላይ ደርቦ፣ ክራቫቱን አሳስሮ፣ ከተቀባ ሐይቅና አበባ ሥዕል ፊት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከወገብ በታች የሚታየው አሮጌ ሱሪና ባዶ እግር እንዳይወጣ ካሜራው ከፍ ይላል። በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ የቀረው የአባት ፎቶ በዚያ በአንድ ኮት የተነሣ ነው፤ ያን ኮት ስንት ሰው እንደለበሰው ቆጣሪ የለውም።

አብዮቱ መጣ። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር የወጡት ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ካኪ ለብሰው ነበር። ቤል ቦተም በሰዓት እላፊ ምሽት የሚዘነጥበት ቦታ አጣ። በ1977 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ሲመሠረት የካድሬው ባለ አራት ኪስ ኮት የሥልጣን መታወቂያ ሆነ፤ ያን ኮት የለበሰ ሰው ከሩቅ ሲመጣ ወሬ ይቆም ነበር። በገጠር ጨርቅ የሚገኘው በኅብረት ሱቅ ተሰልፎ ነበር። እግር ላይ ከጎማ የተቆረጠ በረባሶ፣ ከዚያም ኮንጎ የሚባለው የላስቲክ ጫማ ገባ። ኮንጎ በበጋ እግር ያቃጥላል፣ በክረምት ያንሸራትታል፤ ቢሆንም ባዶ እግሩን ሲሄድ ለኖረ ሰው ከእሾህ የሚያድን ትልቅ ነገር ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ባለ አራት ኪሱ ኮት በአንድ ሌሊት ከአደባባይ ጠፋ። እንዲህ በፍጥነት የሞተ ልብስ በአገሩ ታሪክ ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ ቦንዳ ነገሠ። ልባሽ ጨርቅ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ሆኖም በኮንትሮባንድ ይገባል፣ እስከ ትንሿ ገበያ ይደርሳል። ባሕር ማዶ ጊዜው ያለፈበት ልብስ እዚህ ጊዜው ይመጣለታል። ይህም የአሥርታትን ቅደም ተከተል አደበላለቀው፦ በአንድ ክምር ውስጥ የሰማንያዎቹ ኮት፣ የዘጠናዎቹ ሰፊ ጂንስና የትናንት ጠባብ ሱሪ አብረው ይተኛሉ። ወጣቱ ከክምሩ መርጦ ሽክ ይላል፤ ያልመረጠው «ፋራ» ይባላል። በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚያጭደው ገበሬ ጀርባ ላይ የማያውቀው የውጭ ኩባንያ ስም ተጽፎ ይታያል። ዋጋው ግን ከአንድ ጋቢ ጋር አይወዳደርም፤ ድኻን ለምን ቦንዳ ለበስክ ማለት አይቻልም።

ሸማው የት ሄደ? ወደ ሣጥን። ሌላው ልብስ ሁሉ ከክት ወደ አዘቦት ሲወርድ፣ ሸማ ብቻውን ተቃራኒውን መንገድ ያዘ፤ የአዘቦት የነበረው የክት ሆነ። «የባህል ልብስ» የሚለውን ስም ያገኘውም ያን ጊዜ ነው። አያቶች «የባህል ልብስ» አይሉም ነበር፣ «ልብስ» ነው የሚሉት። ልዩ ስም ያስፈለገው የዕለት ልብስ መሆኑ ሲቀር ነው። ስሙ ክብር አለው፤ ከክብሩ ጋር ግን መራቅም አለ፣ ይህን ሳይሸሽጉ መናገር ይገባል። አንዲት ወጣት በዓመት አራት ቀን የምትለብሰው ቀሚስ ለሸማኔው የአራት ቀን እንጀራ ነው።

ለበዓል የሚለበሰው ደግሞ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ አንድ ዓይነት ጥበብ ይወጣል፤ ለቀጣዩ ጥምቀት ባሕር ዳር ይደርሳል፤ ለሚቀጥለው ደግሞ አርጅቷል። ወገቡ ይጠባል፣ ይሰፋል፤ እጅጌው ይረዝማል፣ ይቀራል። ቀጥሎ ሺፎን መጣ፣ ከሺፎን ጋር ጥበብ የታተመበት የቻይና ጨርቅ። የታተመው ጥበብ ከሩቅ ያምራል፤ ሲጠጉት ግን በስተኋላው ባዶ ነው። የተሸመነ ጥበብ በሁለቱም ወገን ክር አለው። ገዢው ይህን እየገለበጠ ማየት ቢለምድ ብዙ ሸማኔ ከሥራው ባልተፈናቀለ ነበር። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ቴክኖሎጂ ተቋም ወጣት ዲዛይነሮችን ያሠለጥናል፤ ከፈታይዋና ከሸማኔው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ቢሠሩ ለሁለቱም በበጀ ነበር።

ጋቢ ግን አሁንም ከአዘቦት አልወጣም። አራት እጥፍ ነው፤ ሌሊት ብርድ ልብስ፣ ንጋት ላይ ካፖርት፣ ለቅሶ ላይ የሐዘን ልብስ፣ ለታመመ መከናነቢያ ይሆናል። አዲስ እናትን ያለ ጋቢ የሚጠይቅ ሽማግሌ በይፋግ መንደሮች ብርቅ ነው። በቦንዳው ክምር ውስጥ ይህን ሁሉ የሚሠራ አንድ ልብስ አይገኝም፤ ጋቢን ያቆየውም ከወግ ይልቅ ይኸው ነው።

ጥምቀት ሲቃረብ በየከተማው የልብስ ሰፊው በረንዳ ይጨናነቃል። አንዲት እናት ከፌስታል ውስጥ አሮጌ ቀሚስ ታወጣለች፤ የእናቷ ነበር፣ ጨርቁ ብብቱ ላይ አልቋል፣ ታች ያለው ቀይና ቢጫ ጥበብ ግን እንደ ትናንት ነው። ልጇ ነጭ ሺፎን ይዛ አጠገቧ ቆማለች። ልብስ ሰፊው መነጽሩን ወደ አፍንጫው ዝቅ አድርጎ ጥበቡን ገልብጦ ያያል፤ በስተኋላውም ክር አለው። ምላጩን ያነሣና ስፌቱን አንድ በአንድ እየበጠሰ ጥበቡን ከአሮጌው ቀሚስ ይተረትራል። ክሩ እንዳይሳብ ቀስ ብሎ። ሺፎኑን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል፣ ጥበቡን ጠርዙ ላይ ይለካል፣ ሁለት ጣት ያህል ያጥራል። «ከወገቡ ላይ ቆርጬ እቀጥለዋለሁ፣ አይታይም» ይላል። እናቲቱ «ኧረ ይታይ፤ የእናቴ ነው» ትለዋለች። እርሱም እግሩን ፔዳሉ ላይ ያደርጋል።